ከማጀት የሚቆረጠውና ከዕዳ የሚወርደው፦ የቆቦና የራያ ቆላ ቤቶች ወጪና ብድር ሲዳሰስ

በራያ ቆላ ብድር የራሱ ወቅት አለው። የወሎዋ ቆቦ ሜዳ ገበሬ የሚወዳቸው እነ ደገሌትና ጅጉርቲ በሚያዝያ ዝናብ ተዘርተው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚታጨዱ ማሽላዎች ናቸው። በመሐል ያለው ክረምት ጎተራ የሚራቆትበት፣ የእህል ዋጋ የሚንርበት፣ ልጃገረዶች ለሶለል በዓል አዲስ ልብስ የሚጠብቁበት፣ ወዲያው ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበት ጊዜ ነው። እሸቱና ጥንቅሹ እስኪደርስ ቤቱ በብድር ይከርማል። አዝመራው ሲገባ ባለዕዳ ሁሉ በአንድ ሰሞን ወደ ገበያ ስለሚወጣ የማሽላ ዋጋ ይወርዳል። ገበሬው በውድ ዋጋ የበላውን በርካሽ እህል ይከፍላል ማለት ነው። አምና አንድ ጆንያ የገዛለትን ብድር ለመመለስ ዘንድሮ ከአንድ ጆንያ በላይ ይሸጣል፤ ጎተራው ቀድሞ ይጎድላል፤ የሚቀጥለው ክረምት ብድርም ቀድሞ ይመጣል።

ዕዳ ያለበት ሰው ወጪውን ይቀንስ የሚለው ምክር የሚያርፈው እዚህ አዙሪት ላይ ነው። ምክሩ ሐሰት አይደለም። ያወጡት ካገኙት ከበለጠ ዕዳ እንደማይወርድ ማንም ያውቀዋል፤ የወሎ ገበሬም «ጎመን በጤና» ሲል ኖሯል። ነገር ግን የትኛው ወጪ ይቀነስ፣ ከማን ሣህን ላይ ይቀነስ፣ የተቀነሰውስ ወደ ማን ኪስ ይገባል የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ምክሩ ብቻውን ሲሰጥ ጥፋቱን ሁሉ በቤቱ ላይ ይጭናል። የራያ ቆላን ቤቶች ዕዳ ከየአቅጣጫው ስመለከተው የደረስኩበት ፍርድ አንድ ነው፦ ከዕለት ቀለብ የሚቆረጠው ሳንቲም ዕዳን የሚያወርደው የብድሩ ወለድ ሰው የሚችለው ሲሆንና የመክፈያው ቀን ከአዝመራው ዋጋ ጋር ሲስማማ ነው። ከዚያ ውጭ የሚደረገው ቁጠባ የቤተሰቡን ጉልበት ለአበዳሪው ማስተላለፍ ነው።

ማን ያበድራል? ቀላሉ የሱቅ ዱቤ ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታ በባለሱቁ ደብተር ይጻፋል፤ ደመወዝተኛው በወሩ መጨረሻ፣ ገበሬው አዝመራ ሲገባ ያወራርዳል። ወለድ አይባልም እንጂ በዱቤ የሚወሰድ ዕቃ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከጥሬ ገንዘቡ ከፍ ይላል። ቀጥሎ የዘመድና የጎረቤት ብድር አለ፤ ወለድ የለውም፣ ይሉኝታ ግን አለው። ዕቁብ ተራው ለደረሰው ትልቅ መውጫ ነው። ዕድር ለሐዘን ቀን ይደርሳል። እነዚህ ሁሉ ካልበቁ ወደ አራጣ ይኬዳል፤ አራጣው ካልተከፈለ ደግሞ መሬቱ ይያዛል።

ይህ የመሬት መያዝ፣ ወለድ አገድ የሚባለው፣ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል። ተበዳሪው ገንዘቡን ይቀበላል፤ አበዳሪው ደግሞ ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ ማሳውን እያረሰ ይበላል። ምርቱ እንደ ወለድ ይቆጠራል፤ ከዋናው ዕዳ ግን አንድ ብር አይቀንስም። ባለመሬቱ የገዛ ማሳው ላይ የእኩል አራሽ ሆኖ የሚቀጠርበት፣ ወይም ወደ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ዕዳውን የሚከፍልበት ዋና ገቢ የሚመጣው ከዚያው መሬት ነበር፤ መሬቱ በአበዳሪው እጅ ሲሆን መክፈያው ከየት ይምጣ? እንዲህ ያለ ቤት ቡናውን ቢተው፣ ዘይቱን ቢተው፣ የምሽት መብራቱን ቢያጠፋ፣ ውሉ እንዳለ ከመቀመጥ ያለፈ ለውጥ አያገኝም።

የአራጣውንም ጉዳይ በቁጥር እንየው። አንድ ቤተሰብ ሐምሌ ላይ 10,000 ብር በወር 10 ከመቶ ተበደረ እንበል። ወለዱ በየወሩ 1,000 ብር ነው። ቤቱ ከአስቤዛው ቆርጦ በወር 300 ብር ቢያተርፍ ጥር ሲገባ በእጁ የሚኖረው 1,800 ብር ነው። የሁለት ወር ወለድ እንኳ አይሞላም። በእነዚያ ስድስት ወራት ወለዱ 6,000 ብር ደርሷል፤ አበዳሪው ያልተከፈለውን ወለድ ከዋናው ጋር እየደመረ ካሰላ ጠቅላላው ዕዳ ከ17,700 ብር ያልፋል። ያው 10,000 ብር በዓመት 12 ከመቶ የተወሰደ ቢሆን የስድስት ወሩ ወለድ 600 ብር ነበር። የተቆጠበው 1,800 ብር ወለዱን ከፍሎ 1,200 ብር ከዋናው ያወርድ ነበር። በሁለቱም ጊዜ የተራበው ቤተሰብ አንድ ነው፤ የተተወው ዘይትና ስኳርም አንድ ነው። በመጀመሪያው ዕዳው አደገ፣ በሁለተኛው ቀነሰ።

12 ከመቶ የሚለውን ከሕጉ ነው የወሰድኩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰዎች ለገንዘብ ብድር በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎታል። ከዚያ በፊት ፍትሐ ነገሥቱ፣ በሙስሊሙ ወገን ሸሪዓው፣ ያበደሩትን አትርፎ መቀበልን አጥብቀው ሲያወግዙ ኖረዋል፤ ራያ ቆቦ ደግሞ ሁለቱም ሃይማኖቶች ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነው። ታዲያ አራጣ በሃይማኖትም በሕግም ተወግዞ እንዴት ኖረ? ውሉ ላይ የሚጻፈው የተሰጠው ገንዘብ ሳይሆን ወለዱ አስቀድሞ የተደመረበት ድምር ስለሆነ ፍርድ ቤት የቀረበ ወረቀት ንጹሕ ብድር ይመስላል። ከዚያም በላይ ተበዳሪው የከርሞውን ክረምት ያስባል። የዛሬውን አበዳሪ የከሰሰ ሰው ልጁ ታማ ሌሊት በር የሚያንኳኳበት ቤት አያገኝም።

አሁን ወደ ማጀቱ እንግባ። የራያ ቆላ ቤት ሲቸገር የሚቀንሰው ነገር ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ጤፉ ይሸጥና ማሽላ ይበላል፤ ማሽላውም ሲወደድ በቆሎ ይደባለቅበታል። ስኳር ከቤት ይወጣል። ሽሮው ዘይት አልባ ይሆናል፣ በርበሬው ይቀላል። ቡናው ከሦስት ወደ አንድ ሥኒ ይወርዳል፤ ጎረቤታሞች ተራ ገብተው አንድ ቀን አንዷ፣ በማግሥቱ ሌላዋ ታፈላለች። ልብስ ከሰልባጅ ይገዛል ወይም ለከርሞ ይቆያል። እስከዚህ ድረስ ያለው ብልሃት ነው፤ የራያ እናቶች ከማንም የበጀት አማካሪ በተሻለ ያውቁታል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ቁርስ ይቀራል። እናት «በልቻለሁ» ማለት ትጀምራለች። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀርና ለሥራ ትላካለች። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ መሄዱን ለሳምንት ያቆየዋል፤ ያ ሳምንት በኋላ ሌላ ብድር ያስከትላል። አንድ ቤት ወጪ ቀነሰ ሲባል ከማን እንደተቀነሰ ካልተጠየቀ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ከእናትና ከሴት ልጅ ነው።

ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በዚሁ በወሎ፣ በአምባሰል ገበሬዎች መካከል ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት ይህንን ነገር በጥልቀት ያሳየ ነው። ገበሬው ረሃብ ደጁ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ዝናቡ ሲያጠራጥረው ገና ቀለቡን ይመጥናል፣ ከዚያ ትናንሽ እንስሳትን ይሸጣል፣ ከዚያ ሥራ ፍለጋ ይሰደዳል፣ የእርሻ በሬውን ግን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆያል። በሬው ከሄደ ማሳው ለሌላ አራሽ ይሰጣል፤ ምርቱም ይከፈላል። ስለዚህ ሰው ከበሬው በፊት ራሱን ያስርባል። ይህ ቁጠባን አለማወቅ ሳይሆን የቁጠባ መጨረሻው ጠርዝ ነው። አማርትያ ሴንም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ረሃብ በጻፈው መጽሐፍ የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል ሳይንር ገጠሩ መራቡን አሳይቷል፤ የጠፋው የመግዛት አቅም ነበር።

የሚገርመኝ የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ ይህን ጠርዝ ማወቁ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለዕዳ ተፈርዶበት ንብረቱ ሲያዝ እንኳ የሚተዳደርበትን መሣሪያ፣ ገበሬ ከሆነ የሚያርስበትን ከብትና ዘሩን፣ ለቤተሰቡ ቀለብ የሚያስፈልገውንም ከመያዝ ያስቀርለታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ክፍያው ሲሶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ሕጉ ፍርድ ቤት ለደረሰ ዕዳ ያስቀመጠው ወሰን ከሽማግሌ ፊት በሚደረግ ስምምነትም፣ በቤት ውስጥ በሚደረግ ምክክርም ሊያገለግል ይገባል፦ ዘር፣ በሬ፣ ቀለብ፣ ሕክምና አይነኩ።

ታዲያ ከየት ይቀነስ? ከዕለቱ ወጪ ይልቅ በዓመት ወይም በዕድሜ አንዴ ከሚመጡት ትላልቅ ወጪዎች ነው። ተዝካርን እንውሰድ። የ40 ቀን መታሰቢያ ጠላው፣ እንጀራው፣ የሚታረደው በሬ ሲደመር አንድ ቤት ዓመት ሙሉ ከዘይትና ከስኳር የሚቆጥበውን በአንድ ቀን ይውጠዋል። ቤተ ክርስቲያን ለሟች የምትሠራው ጸሎተ ፍትሐት ነው፤ ለነዳያን ማብላቱም በአቅም ነው። ለአገር ሁሉ መደገስን ግዴታ ያደረገው ይሉኝታ ነው። በእስልምናም ቁርኣኑ የሟች ዕዳ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት እንዲከፈል ያዝዛል፤ ከዕዳው በፊት ትልቅ ሰደቃ ማውጣት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። አንድ ሰው ብቻውን «እኔ አልደግስም» ቢል ስሙ ይነሣል። የዕድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤና የመስጊድ ሽማግሌዎች በጋራ ልክ ቢያበጁለት ግን ማንም ብቻውን አያፍርም። ሠርግም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ የማኅበረሰብ ውሳኔ ከግለሰብ ቁጠባ እጅግ የበለጠ ኃይል አለው ብዬ አምናለሁ።

ከድግስም የሚበልጠው የስደት ወጪ ነው። ራያ ቆቦና ሐብሩ ወጣቶቻቸው በጅቡቲው ኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከሚያቀኑባቸው ወረዳዎች ዋነኞቹ ናቸው። ለደላላው የሚከፈለው ከበሬ ሽያጭ፣ ከወለድ አገድ ወይም ከአራጣ ይመጣል። ጉዞው ከተሳካ ዕዳው ይከፈላል፣ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ ይህ እውነት ነው፣ ወጣቶቹም የሚያዩት ይህንኑ ነው። ካልተሳካ ግን የመን ላይ ታፍኖ የተያዘ ልጅ ማስለቀቂያ ይጠየቅበታል፤ ዕዳው በአንድ ሌሊት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። የመሄጃቸውን ብድር ግን ያባረራቸው መንግሥት አልሰረዘላቸውም። አንድ ቤተሰብ ዕዳውን ለመቀነስ ከልቡ ቁጭ ብሎ ሲመክር፣ በስኳሩና በቡናው ላይ ከመነጋገሩ በፊት ስለ ደላላው መነጋገር አለበት።

የተቋማቱ ብድር ይህንን ሁሉ ይተካል ተብሎ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ ዋስትና የሌለውን ገበሬ በቡድን ዋስትና ማበደሩ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። የአራጣን በር በከፊል ዘግቷል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ክልል 133 የገበሬ ማኅበራት ላይ የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ብድሩ በደረሰባቸው ቀበሌዎች የሚበደረው ሰው በጣም መጨመሩን፣ በኑሮው ላይ ግን በአብዛኛው ጎልቶ የሚለካ ለውጥ አለመገኘቱን አሳይቷል። ከሕንድ፣ ከሞሮኮ፣ ከሜክሲኮ የመጡ መሰል ጥናቶችም ያገኙት ተቀራራቢ ነገር ነው። በሕንዷ አንድራ ፕራዴሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አንዱን ብድር በሌላው መክፈል ተስፋፍቶ ዘርፉ ቀውስ ውስጥ ገብቷል። በቡድን ዋስትናም ሌላ ሕመም አለ፤ አንዱ ሲያቅተው ጓደኞቹ ይከፍላሉ፣ የእነሱ ቁጠባ በእሱ ዕዳ ይሄዳል፣ ጉርብትናውም ይሻክራል። ወለድ በሃይማኖቱ ለተከለከለው የራያ ሙስሊም ገበሬ ደግሞ ይህ በር ለረጅም ጊዜ ዝግ ነበር፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በከተሞች እየሰፋ ቢሆንም ገጠሩ ጋ ገና ነው።

ስልክም አበዳሪ ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ተጀምሮ ከዓመት በኋላ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ አነስተኛ ብድሮችን ከዳሸን ባንክ ጋር አቀረበ። ለቆቦ ነጋዴና ደመወዝተኛ ፈጣን መድረሻ ነው፤ ኔትወርክ በተቋረጠባቸው ረጃጅም ጊዜያት ግን የለም።

ዕለታዊ ወጪን መቀነስ በእውነት የሚሠራው በከተማው ደመወዝተኛ ቤት ነው፤ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የወረዳው ሠራተኛ ገቢያቸው በየወሩ የታወቀ ነው። እዚያ ትልቁ ጠላት የዱቤ ደብተሩ ነው። ደመወዝ በገባ ቀን ለባለሱቁ ተከፍሎ የሚያልቅ ቤት በማግሥቱ አዲስ ዱቤ ይጀምራል። ከዚህ የሚወጣው ጥቂት ወራት ጨክኖ ነው፦ ዱቤውን በአንዴ ከመዝጋት ይልቅ ከባለሱቁ ጋር ተነጋግሮ በየወሩ ሩቡን እየከፈሉ፣ የወሩን አስቤዛ በጥሬ ገንዘብ፣ ከቻሉ ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር በጅምላ መግዛት። የጫት፣ የሲጋራና የቢራ ወጪ ያለበት ቤት ከዚያ መጀመር አለበት፤ ይህ ደግሞ ከእናት ሣህን ሳይሆን ከአባት ኪስ የሚቀነስ ነው። የሠራተኞች ገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት መሥሪያ ቤት ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ቁጠባ፣ ሰው ባያየው ገንዘብ ስለማይፈተን፣ ከማንኛውም ውሳኔ የበለጠ ይጸናል። እዚህም ግን በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዘይትና የሳሙና ዋጋ ደመወዝን ጥሎ መሄዱን ሳይጠቅሱ ማለፍ በደል ነው።

የቆቦ ገበሬ ባለፉት ዓመታት ዕዳ ውስጥ የገባው በአባካኝነት እንዳልሆነ የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። በ2013 መጀመሪያ ማሽላው እሸት ሳለ የበረሃ አንበጣ ወረደበት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ በጳጉሜን ብዙ ሲቪሎች ተገደሉ፤ እህልና ከብት ተዘረፈ፣ ባንክ ተዘጋ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የተቆፈሩት የመስኖ ጉድጓዶች ሽንኩርትና ቲማቲም እያበቀሉ ለብዙ ቤት የክረምቱን ብድር የሚያስቀሩ ነበሩ፤ የፓምፖችና የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መዘረፍ ያንን መውጫ ዘጋው። በነሐሴ 2014 ውጊያው ተመልሶ መጣ፤ በ2015 ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል ወደ ሌላ ግጭት ገባ። ሬሳ ለመቅበር፣ ቁስለኛ ለማሳከም፣ ሸሽቶ ወልድያና ደሴ ለመድረስ የተበደረን ሰው ስለ ቡና ሥኒ መምከር አይቻልም።

ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው የመክፈያ ቀን መለወጥ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበራቱም ሆኑ ጸደይ ባንክ ብድራቸውን ጥር ላይ ከሚሰበስቡ፣ ወለዱን በአዝመራው ተቀብለው ዋናውን ወደ ግንቦትና ሰኔ ቢያሻግሩት ገበሬው ማሽላውን በውድቀት ዋጋ አይጥልም። የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ካለ እህሉ ራሱ መያዣ ይሆናል። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔትም፣ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ለዓመታት በተከታታይ ሲደርስ የረሃቡን ወራት ከአንድ ወር በላይ ያሳጥራል፤ ክፍያው በዘገየ ቁጥር ግን ተረጂው በሚመጣው ገንዘብ ላይ አስቀድሞ ይበደራል፣ ስለዚህ በሰዓቱ መድረሱ ከመጠኑ አያንስም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙበት አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ፣ ከእነዚህም አንዱ በዚሁ በራያ ባለችው በጎብዬ ስም የተጠራው፣ ቶሎ ስለሚደርስ የብድሩን ወቅት በሳምንታት ያሳጥራል። ገበሬው ደገሌቱን የማይተወው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በሚሆነው ረጅም አገዳው ነው፤ የማሳውን ጥቂት ጥማድ ብቻ ለፈጣኑ ዘር መስጠት ሁለቱንም ያስታርቃል።

በ2009 የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን ለብድር ተቋም እንዲያሲዝ ፈቅዷል። ያ መብት አዲስ ብድር ከመውሰጃነቱ በፊት የድሮውን ወለድ አገድ ማስፈቻ ሊሆን ይገባዋል፦ ተቋሙ የግለሰቡን አበዳሪ ከፍሎ ያሰናብታል፣ ገበሬው ማሳውን ይመልሳል፣ ዕዳውን ከራሱ ምርት በሕጋዊው ወለድ በሁለት ወይም በሦስት አዝመራ ይከፍላል። በዚያ ጊዜ ከማጀቱ የሚቆጠበው 300 ብር ከዋናው ዕዳ ላይ መውረድ ይጀምራል።